መብረቅ ሚዛን ላይ

ውሻዬ መብረቅ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል ያልኩት በቅን ልቦና ነው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የምለው ስልሳ ነበር። ለቱሪስት ግን ሰባ እላለሁ፤ ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ከጎረቤት እኩል አይስተናገድም።

ሥራዬ በቅሎ ማከራየት ነው። ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ያለችውን እያንዳንዷን ድንጋይ በስሟ እጠራታለሁ፤ አንዳንዶቹም ሲጠሩ አቤት ይላሉ። "ቢራራ የነገረህን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ጣል" የሚሉ ምቀኞች ደባርቅ ውስጥ አይጠፉም። ይበሉ። በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የሁዳዴ ማለቂያ ሰሞን በግቢዬ የሆነውን ነገር ግን ግማሹን የሚጥልልኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በትል ነው። መብረቅ መቀመጫውን መሬት ላይ እየጎተተ ግቢውን ይዞር ጀመር፤ ከኋላውም የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ጣል ጣል ያደርጋል። ባለቤቴ ፋንታዬ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና፣

"ወይ እሱን አሳክም፣ ወይ ከእሱ ጋር ውጭ እደር" አለችኝ።

ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወረድኩ። አዲስ የተመደበች ሐኪም አገኘሁ፤ እሌኒ ትባላለች፣ የዳባት ልጅ ናት፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ። መዝገቧን ገለጠች።

"ውሻው ስንት ኪሎ ነው?"

"ስልሳ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሽ ቢራራ፣ እኔ ራሴ ሃምሳ ሁለት ነኝ።"

"አንቺማ የዳባት ልጅ ነሽ፤ እናንተን ነፋሱ ይቀንሳችኋል።"

ሳቋን ዋጠች። "ምን ይበላል?"

"በቀን አንድ ኪሎ ሥጋ።"

"በሁዳዴ? ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ?"

"ቋንጣ ነዋ" አልኳት። ምላሴ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

"ታዲያ ለምን ይዘውት አልመጡም?"

"በገበያ መሀል ይዤው ባልፍ የሚሸሸውን ሰው ማን ይመልስልኛል?"

እስክሪብቶዋን አነሣች። ከዚያ መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት መሆኑን፣ ለአምስት ኪሎ አንድ ፍሬ መሆኑን፣ ከመጠኑ ካለፈ ግን የውሻው ለሃጭ እንደሚዝረበረብና እግሩ እንደሚተሳሰር እያንዳንዷን ቃል አስረግጣ ነገረችኝ።

"ስለዚህ ክብደቱን በእርግጠኝነት ያውቁታል?"

"እንደ ስሜ።"

አሥራ ሁለት ፍሬ ቆጥራ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። አሥራ ሦስት ብታደርገው ለመብረቅ ክብር ይመጥን ነበር እያልኩ ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ሊድያ መብረቅን ጉልበቷ መሀል አስገብታ አፉን ከፈተችልኝ። ሊድያ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ብሔራዊ ፈተናዋ ሁለት ወር ቀርቶታል። ክኒኑን በሽሮ ለውሰን ብንሰጠው ሽሮውን ልሶ ክኒኑን መሬት ላይ ደርድሮ አስቀመጠልን። ስለዚህ አንድ በአንድ እስከ ጉሮሮው ድረስ በጣቷ ከተተችለት። አሥረኛው ላይ ጥርሱ አውራ ጣቷን ጫር አደረጋት። "ምንም አይደል" ብላ ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና የቀሩትን ሁለቱን አስዋጠችው።

ረፋዱ ላይ መብረቅ ከማደሪያው ወጣ። የፊት እግሮቹ ወደ ግራ፣ የኋላዎቹ ወደ ቀኝ ሄዱ። ወደቀ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። ለሃጩ እንደ ሳሙና አረፋ ሆኖ ደረቱን አልብሶታል። ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ ዓይኑ ግን በእኔ በኩል አልፎ ሌላ ነገር ያይ ነበር። እኔ ጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ በቅሎዬ ከነጭነቷ ስትወርድ አይቻለሁ። ያኔ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። እንደምንም ገመድ አንገቱ ላይ አጥልቄ ከባሕር ዛፉ ጋር አሰርኩት።

ፋንታዬ ከቦኖ ውሃ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ጄሪካኑ ከእጇ ወድቆ ውሃው እስከ እግሬ ድረስ ፈሰሰ።

"ቢራራ" አለች ቀስ ብላ፤ "ውሻው አብዷል።"

ይህች ቃል በር አታንኳኳም፤ አጥር ትዘላለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢዬ ውስጥና አጥሬ ላይ ሺህ ሰው ነበር። ፋንታዬ አርባ ትላለች፤ እሷ ስትደነግጥ መቁጠር አትችልም። ጎረቤቴ ቻላቸውም መጣ። ቻላቸው የፓርኩ ስካውት፣ የዱር አራዊት ጠባቂ፣ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም።

"ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። "መጀመሪያ እግሩ ይተሳሰራል፣ ከዚያ ለሃጩ ይወርዳል፣ ከዚያ የሚነክሰውን ይፈልጋል።"

"ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ? ከየት ያዘው?" አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ።

"ከጅቡ ነዋ። ጥር ላይ። ቢራራ አልነገረህም?"

እንዴት አልነግረውም። ጥር ሃያ አንድ፣ ፋንታዬ ለአስተርእዮ ማርያም ደረስጌ ወርዳ ሳለ፣ መብረቅ ከጅብ ጋር ተናንቆ፣ አፍንጫውን ተነክሶ፣ ጅቡን እስከ ወንዙ ድረስ እንዳባረረው ለደባርቅ ሕዝብ በሙሉ ተርኬአለሁ። መጀመሪያ ጅቡ ጅብ ያህል ነበር። ለቅበላ ጥጃ አከለ። ለደብረ ዘይት ወይፈን ሆነ። የጅቡን ነገር እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና ጎረቤቴ እትዬ ሸጊቱ። እትዬ ሸጊቱ ደግሞ አጥሩን ተደግፈው፣ ድመታቸውን ቡሬን ክንዳቸው ላይ አስተኝተው ያዩኛል።

"በጠራራ ፀሐይ ሰው ግቢ የሚገባ ጅብ ጤነኛ ነው?" አለ ቻላቸው ለሕዝቡ። "ያበደ ጅብ ነው የነከሰው።"

በጠራራ ፀሐይ ያልኩት እኔ ነኝ። በጨለማ ካልኩ ማን አየው ይሉኛል ብዬ ነበር።

"ቻላቸው" አልኩት፣ "ምናልባት መድኃኒቱ ይሆናል። ጠዋት የትል መድኃኒት ሰጥተነዋል።"

"መድኃኒቱ የታዘዘው ለስልሳ ኪሎ ውሻ አይደል?"

"ነው።"

"ውሻህስ ስልሳ ኪሎ አይደል?"

ሺህ ሰው እያየኝ ምን ልበል? "ነው" አልኩ።

"እንግዲያ መድኃኒቱ ምን በደለ?"

የመብረቅን ገመድ ደግሜ አጠበቅኩ።

ያኔ ሊድያ ወደ እኔ ተጠጋች። "አባዬ፣ ጠዋት ጥርሱ ጭሮኛል እኮ" አለችና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ጭረቷ የክር ያህል ናት። ፋንታዬ ጭረቷን አየችና ውሃው በፈሰሰበት ጭቃ ላይ ተቀመጠች። በዚያን ጊዜ ያበደ ውሻ ያገኘው ሰው ጎንደር ወርዶ እምብርቱ ዙሪያ በየቀኑ ነው የሚወጋው፤ ሁለት ሳምንት አልፎም አያበቃም። ያልተወጋ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

ቻላቸው ጥይት አጎረሰ። "ሰዉን ከዛፉ ኋላ አርቁልኝ።"

"ሐኪሟ ትምጣ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። "ሐኪሟ ሳታየው ማንም አይነካውም።"

እሌኒ እየሮጠች ነው የመጣችው። ከሁሉ በፊት ሊድያን ይዛ ጣቷን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ረጅም ጊዜ አሳጠበቻት፤ "ቀጥይ፣ ገና ነው" እያለች። ከዚያ ከመብረቅ አራት እርምጃ ርቃ ቆመች። እሱን አየች። እኔን አየች።

"ስልሳ ኪሎው ይሄ ነው?"

"ሕመም ያከሳል" አልኩ።

"ከጠዋት ወዲህ?"

አጥሩ ላይ ሳቅ ጀመር ብሎ ጠፋ። እሌኒ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ ነጥቷል። "ስሙኝ" አለች። "ስልሳ ከሆነ መድኃኒቱ አልበዛበትም፤ እንግዲያ ይሄ እብደት ነው ማለት ነው። ሊድያም ዛሬውኑ ጎንደር ትወርዳለች። ካነሰ ግን የሰጠሁት መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረገው። ሳላየው መስጠት አልነበረብኝም። ሚዛን አምጡልኝ።"

የእህል ነጋዴው፣ ድረስ የሚባለው፣ ጆንያ የሚመዝንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ከነሰንሰለቱ ተሸክሞ መጣና ባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ባዶ ጆንያም ዘረጋ። ከዚያ ጆንያውን መሬት ላይ ጥሎ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"ማነው የሚያስገባው?" አለ።

ቻላቸው ጠመንጃውን ያዘ እንጂ ጆንያውን አላየውም። እኔ ጆንያውን አነሣሁ።

"አባዬ፣ ተው" አለች ሊድያ።

ሄድኩ። ተንበረከኩ። ክንዴን ከሆዱ ሥር አስገባሁ። ለሃጩ እጅጌዬን አራሰው፤ ልቡ ደረቱን ሊሰብር ይመታል። ጭራው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉልበቴን መታ። አቅፌ አነሣሁትና ደነገጥኩ። ሳነሣው ለስልሳ ኪሎ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወደ ኋላ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሰዉ አፉን ይዞ ያየኛል። ያበደ ውሻ አቅፎ የቆመ ሰው በሰሜን ምድር አልታየማ። ቻላቸው እንኳ፣ ስንት ነገር ያየው ቻላቸው፣ ባርኔጣውን አውልቋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ዓይነት አስተያየት ነበር።

ጆንያው ተንጠለጠለ። ድረስ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

"አሥራ ስምንት።"

"አሥራ ስምንት ምን?" አልኩ።

"ኪሎ።"

"ሚዛንህ ተበላሽቷል።"

"ባለፈው ቅዳሜ ገብስህን ስመዝንልህ ደህና ነበር።" የአሥር ኪሎውን ብረት አምጥቶ ለብቻው ሰቀለ። አሥር። መብረቅን መልሶ ሰቀለ። አሥራ ስምንት።

ሰው ይመነኝ አይመነኝ፣ ከሁሉ የበለጠ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ስልሳን ለሌላው ስናገር ስናገር ራሴም ሳላውቀው ገብቼበት እኖር ነበር። በየቀኑ የማየው ውሻ ጎድኑ የሚቆጠር፣ አንገቱ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ መሆኑን ያየሁት ጆንያ ውስጥ ነው።

እሌኒ በጣቷ ቆጠረች። "ሦስት ፍሬ ተኩል ነበር የሚበቃው። አሥራ ሁለት ሰጥተነዋል።" ትከሻዋ ወረደ። እኔም ተነፈስኩ። ግን ወዲያው ቀና አለች። "አፍንጫው ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው?"

"ጅብ ነው" አለ ሺህ ሰው በአንድ አፍ።

"መቼ?"

"ጥር ላይ" አለ ቻላቸው። "ያውም በጠራራ ፀሐይ።"

ዓይኗን ጨፈነች። "እንግዲያ ነገሩ ተበላሸ። መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፣ ጅቡም ሊሆን ይችላል። በጥርና በመጋቢት መሀል ያለው ጊዜ ለዚህ በሽታ ልክ ነው። በሰው ልጅ ሕይወት ቁማር አልጫወትም። ውሻው ይገደል፤ ሊድያም ትሂድ።"

ቻላቸው ጠመንጃውን አነሣ። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ እኔን እያየ። "ወንድሜ፣ ዞር በልልኝ" አለኝ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም።

ሰዉ ሁሉ አሁንም በዚያው ዓይን ያየኛል። ሊድያ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ጠመንጃውን ታያለች። እትዬ ሸጊቱ ቡሬን ይደባብሳሉ፤ እሳቸው መናገር ይችሉ ነበር። ጠበቁኝ።

"ጅብ አልነበረም" አልኩ።

"ምን?" አለ ቻላቸው።

"ድመት ናት።"

"የምን ድመት?"

በአገጬ አጥሩን አመለከትኩ። "ቡሬ ናት። ግልገሎቿን የወለደችበትን ቅርጫት ሊያሸት እትዬ ሸጊቱ ጓሮ ገባ። አፍንጫውን በጥፊ አለችው። እየጮኸ መጥቶ የበቅሎ ግርግም ሥር ተደበቀ፤ እስኪመሽ አልወጣም። ወንዙ ድረስ የሮጠ የለም። ጅብም የለም። ያቀፍኩትም ስለማውቅ ነው፤ ጅብ ነክሶት ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እናንተ አምስት እርምጃ እርቅ ነበር።"

ይህን ስጨርስ የቻላቸውን ፊት አየሁ። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

"እትዬ ሸጊቱ፣ እውነት ነው?" አለች እሌኒ።

"ሁለት ወር ሙሉ ድመቴን ጅብ ሲላት ሰማሁ" አሉ እትዬ ሸጊቱ። "ጥጃ አደረጋት፣ ዝም አልኩ። ወይፈን አደረጋት፣ ዝም አልኩ። ለፋሲካ ዝሆን ስትሆን ለማየት ነበር የምጠብቀው።"

"ከዚያ ወዲህ ድመቷ ታማ ታውቃለች?"

"ይችውና። ዛሬ ጠዋት ሁለት አይጥ ጥላለች፤ እሷ ሁዳዴ አታውቅም።"

እሌኒ ቡሬን ከክንዳቸው ላይ ሳለች ዓይኗን፣ አፏን አየች። "ያበደ ድመት ሁለት ወር አይኖርም። ቻላቸው፣ ጥይቱን አውጣው። ውሻው አሥር ቀን እንደታሰረ ይታያል። ያበደ ከሆነ አሥር ቀን አይቆይም። በመሀሉ አንድ ነገር ካየሁ ሊድያ በዚያው ሰዓት ትሄዳለች። አሁን ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ።"

ቻላቸው ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። "ያበደ ውሻ ያቀፈ ሰው አየሁ ብዬ ለልጆቼ ልነግር ነበር" አለኝ፤ ከዚያ ሄደ። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው። ሺህ ሰውም ተከትሎት ወጣ፤ ሲወጣ ግን አርባ ይመስል ነበር።

ሲመሽ መብረቅ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጭራውን ቆላ። አሥሩን ቀን ፋንታዬ ሊድያን ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ግንባሯን ትዳስስ ነበር፤ እኔም መብረቅን። እሌኒ በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች። ባራተኛው ቀን መዝገቧን ገልጣ፣

"አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ይበላል?" አለች።

"የተረፈ እንጀራ። ፋንታዬ ስትጠምቅ አተላ።"

"ሥጋ?"

"ለበዓል በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን እንጥልለታለን።"

"ትሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀቅለው ካልሰጡት ይቅር። አተላም እንዳያሳዩት። አሁን ደግሞ እንቁላል ይቀቀልለት።"

"በሁዳዴ?" አለች ፋንታዬ ከውስጥ። "ለውሻ ብዬ ድስቴን አላስፈስክም።"

"ውሻ ንስሐ አባት የለውም እኮ፣ እትዬ።"

"ድስቱ አለው።"

በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከግቢው ጥግ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ እኔ ቀቀልኩለት። እትዬ ሸጊቱ በአጥሩ ላይ ሆነው፣ "ለጅቡም አንድ አስቀር" አሉኝ።

አሥረኛው ቀን ጸሎተ ሐሙስ ላይ ዋለ። እሌኒ መብረቅን በእጇ ዳሰሰችው፣ ገመዱን ፈታችው፣ ሊድያም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ፈተናዋንም በጊዜው ተፈተነች።

ግንቦት ላይ ለሁለተኛው ዙር መድኃኒት መብረቅን ራሱን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። በገበያ መሀል አልፈን አንድ ሰው አልሸሸም፤ አንዲት ዶሮ ብቻ ትንሽ ዞር አለችልን። ጠዋት እህል ነጋዴው ድረስ ዘንድ አስመዝኜው ነበር።

"ስንት ኪሎ ነው?" አለች እሌኒ።

"ሃያ አንድ።"

ጻፈች። እስክሪብቶዋ ሳይነሣ፣ "ተኩል" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ሊድያ ጣቷን ጨብጣ ጠመንጃውን ስታይ ትዝ አለችኝ።

"ሃያ" አልኩ። "ሃያ ነው የመዘነው።"

አራት ፍሬ ሰጠችኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቱሪስት በአስጎብኚው በኩል ስለ ውሻው ጠየቀኝ። እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንዲት ኪሎ ሳልጨምር ነገርኩት፤ ይህ ውሻ አሥራ ስምንት ኪሎ ሆኖ የስልሳ ኪሎ መድኃኒት ውጦ በእግሩ ቆሟል አልኩት። አስጎብኚው ተረጎመ። ቱሪስቱ መብረቅን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀና ሳቀ።

"አያምንህም" አለኝ አስጎብኚው።

ደንግጬ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰባ ኪሎ ስላቸው የሚያምኑኝ ሰዎች ነበሩ።